እስትንፋስ ፍለጋ ወደ ሸዋ ሮቢት

ከእስር በተፈታሁ ማግስት የጋሽ ተሰማ ባለቤት፣ እትዬ አስካለ፣ ቤቴ ድረስ መጡ። «ልጄ፣ ተሰማን እዚያ አይተኸው ይሆን?» አሉኝ። አብረን ታስረን ነበር፤ አስም አፍኗቸው ሲሞቱም አጠገባቸው ነበርኩ። ልነግራቸው አፌን ስከፍት ደረቴ ጥርቅም አለ። «አላየኋቸውም» ብዬ ሸኘኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። ሐኪሙ ሳንባህ ደህና ነው አለኝ። ድሮ አብሮኝ ያስተምር የነበረው ህንዳዊ፣ ሚስተር ናያር፣ የዮጋ አተነፋፈስ እንደሚያውቅ ትዝ አለኝ። ሸዋ ሮቢት ተዛውሯል። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ ማክሰኞ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

መንገድ ላይ

ደብረ ብርሃን ኬላ ላይ ሁላችንንም አስወርደው በብርዱ አሰለፉን። ወታደሩ ወረቀቴን አገላብጦ አየና፣ «ለምን ጉዳይ?» አለኝ።

«ለሕክምና» አልኩት። ውሸትም አልነበረም።

ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ጨለማው እስር ቤቱን መሰለኝ። የፊቴን ወንበር ጨምድጄ እንደያዝኩ ወጣን። ደብረ ሲና ቆሎ ገዝተን ቁልቁል ወረድን። ሙቀቱ ሲበረታ ኮቴን አወለቅሁ። ግራና ቀኙ ማሽላ ነው፤ ዝናብ ከድቶት ሳያፈራ ደርቆ ቆሟል።

ሸዋ ሮቢት

ሚስተር ናያር ወባ ጥሎት ቆይቶ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። የተከራየው የሽንኩርት ነጋዴዋ የእትዬ ዘሐራ ግቢ ውስጥ ነው። የማሽላ እንጀራ በሽሮ አበሉን።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ሚስተር ናያር ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ሰሌን አነጠፈ። «በአፍንጫ አስገባ። አራት ቁጠር። ያዝ። ቀስ ብለህ ልቀቅ።»

«ያዝ» ሲለኝ የጋሽ ተሰማ ፊት መጣብኝ። እያለከለክሁ ተነሳሁ። ሐሙስም እንደዚያው ሆነ። ዓርብ ጠዋት ሁሉንም ነገርኩት። ስጨርስ መዳፌን ወስዶ ሆዴ ላይ አኖረው።

«ዛሬ መያዝ የለም» አለ። «መልቀቅ ብቻ። የሚወጣው ይርዘም።»

በአራት አስገብቼ በስምንት ለቀቅሁ። ደግሜ፣ ደጋግሜ። ከተፈታሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሩ እስከ ሆዴ ወረደ። እንባዬም አብሮ ወረደ።

እትዬ ዘሐራ እዚያው ሽንኩርት እየለቀሙ ሰምተውናል።

«ወንድሜ» አሉኝ፣ «ሰይድ ልጄን ለጦር ግንባር ከወሰዱት ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። አብሮት የነበረ ሰው ቢመጣ፣ ክፉም ቢሆን ይንገረኝ እላለሁ። ሴትዮዋን እንዲህ አታስቀምጣት፤ አላህ ይጠይቅሃል።»

«ስነግራቸው ቢያፍነኝስ?»

«እሷንስ ምን ያደረጋት ይመስልሃል?»

ቅዳሜ ተመለስኩ።

አዲስ አበባ

እሑድ ጠዋት እትዬ አስካለ በር ላይ ቆምኩ። የተማርኩት አተነፋፈስ ፍርሃቴንም ሐዘኔንም አላነሳልኝም። የጀመርኩትን ቃል እንድጨርስ ግን አቅም ሰጠኝ።

«ዋሽቼዎት ነበር» አልኳቸው። «ጋሽ ተሰማ አርፈዋል። አብሬያቸው ነበርኩ።»

ጎረቤት እንዳይሰማ በነጠላቸው አፋቸውን አፈኑ። መንግሥት አስሮት ለሞተ ሰው ድንኳን አይተከልም፤ ጮክ ብሎ ማልቀስም ያስጠይቃል። ከዚያ ነጠላውን ዝቅ አድርገው፣ «ብቻውን ነበር?» አሉኝ።

«የለም። ትከሻዬን ተደግፈው ነው ያረፉት።»

«የትኛውን?»

ቀኙን አሳየኋቸው። ተጠግተው ግንባራቸውን አሳረፉበት።