እናቱን ያዘለው ድምፅ

የጋዜጣው ቢሮ ሰዎች «እሬት» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት አንድ ፊልም አከፋፋይ ነው። ስለ ፊልሙ የጻፈችውን አንብቦ ቢሮ ድረስ መጣና፣ «ይቺን ሴት እናቷ ጡቷን እሬት ቀብታ ነው እንዴ ያጠባቻት?» ብሎ በሩን አላትሞ ሄደ። የቢሮው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ስሙም እንደ ማስቲሽ ተጣበቀባት። እሷ አልከፋትም። በየቅዳሜው ገጿ ላይ በዲቪዲ የሚወጡ ፊልሞችንና ተከታታይ ድራማዎችን እየገመገመች መራራውን መራራ፣ ጣፋጩን ጣፋጭ ትላለች። የሚበዛው መራራው ከሆነ እሷ ምን ታድርግ?

ሥራውን የያዘችው ግን ቤት ተቀምጠው የሚሠሩት ስለሆነ ነው። ከሳሎኗ ቀጥሎ ባለችው ክፍል እናቷ ተኝተዋል። እግራቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ ዐይናቸውም ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። ጆሯቸው ግን ጎረቤት ሲንሾካሾክ ይሰማል። ጎማ ያለው ወንበር አላቸው፤ ነገር ግን የመታጠቢያ ቤቱ በር ጠባብ ስለሆነ ወንበሩ ደጅ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የልጃቸው ክንድ ነው። በብብታቸው ሥር ትገባና ደረታቸውን ከደረቷ አጣብቃ፣ ወደ ኋላ እየተራመደች ታስገባቸዋለች። ጠዋት ጠዋት ወገቧ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል።

ወንድም አላት። ታናሿ ነው፤ አርባን አልፏል፤ እናቱ ግን ዛሬም «ማሙሽ» ይሉታል። የሚኖረው እዚያው ከተማ ውስጥ፣ በአንድ አውቶቡስ በሚደረስበት ሰፈር ነው። የሚተዳደረው በድምፁ ነው፤ የራዲዮ ማስታወቂያ ያነባል፣ የውጭ ድራማ በአገር ቋንቋ ሲተረጎም ለተዋንያኑ ድምፅ ይሆናል። እውነቱ ይነገርና ድምፁ ግሩም ነው፤ ሳሙና ግዙ ሲል እንኳ የሚያጽናና ይመስላል። እናቱን የሚጠይቃቸው ግን በስልክ ነው። «እትዬ፣ እማዬ እንዴት ናት? ሰሞኑን ፋታ አጣሁ እኮ!» ይላታል። እሷም መጀመሪያ ላይ «አይዞህ፣ ሲመችህ ትመጣለህ» ትለው ነበር። ሳይመቸው ክረምቱ አለፈ፤ በጋው መጥቶ ሄደ፤ ሌላ ክረምት ገባ።

አንድ ሰኞ ጽሑፏን ልታስረክብ ቢሮ ብቅ ስትል ዋና አዘጋጁ አንድ ጥቁር ሳጥን እጇ ላይ አስቀመጠላት። ሽፋኑ ላይ አንድ ጢማም ሰው አሮጊት አዝሎ በተሰበረ ድልድይ ላይ ይሄዳል። ከበላዩ በትልቁ «ፀሐይ የራቃት ምድር» ተብሎ ተጽፏል።

«ዓለም ካለቀ በኋላ ያለ ታሪክ ነው» አላት። «ሰማዩን አቧራ ሸፍኖት፣ ከተማው ሁሉ ባዶ ቀርቶ፣ አንድ ሰው እናቱን አዝሎ ወደ ባሕሩ ይሄዳል። ሙሉው ድራማ በአንድ ሳጥን ወጥቷል። ደግሞ በኛው ቋንቋ ነው የሚናገሩት። ሕዝቡ አብዷል አሉ። ለቅዳሜ ገምግሚልኝ።»

«እናትየዋ የምትሞተው የት ጋ ነው?»

«ገና ሳታዪው?»

«እንዲህ ያለ ድራማ ላይ የታዘለች አሮጊት መጨረሻውን አታይም።»

«እሬት!» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

በማግስቱ እናቷን አጠበች፣ አንሶላ ቀየረች፣ ሾርባ በማንኪያ አጎረሰች። ከዚያ እጇን አድርቃ የመጀመሪያውን ዲስክ አስገባች። አጀማመሩ መጥፎ አልነበረም። ግራጫ ሰማይ፣ ነፋስ የሚያንገጫግጨው ቆርቆሮ፣ ማንም የማይነዳቸው የቆሙ መኪኖች ይታያሉ። «ምስሉ ጥርት ያለ ነው» ብላ ጻፈች። ከዚያ ጢማሙ ሰው አፉን ከፈተ።

«እናቴን ጥዬ የትም አልሄድም!»

እስክሪብቶዋ ከእጇ ወደቀ። ፊቱ የማታውቀው ሰው ፊት ነው፤ ድምፁ ግን የማሙሽ ነው። ያው ሞቅ ያለ፣ ያው አንጀት የሚበላ ድምፅ። ወደ ኋላ መለሰችው። «እናቴን ጥዬ የትም አልሄድም!» አለ አሁንም፣ ዐይኑን በጨው ታጥቦ።

ከክፍሉ እናቷ ተጣሩ። «ማሙሽ! ማሙሽ መጣ እንዴ?»

እዚያች ላይ ቆሽቷ አረረ። ሮጣ ገብታ ስታያቸው በክርናቸው ተደግፈው ለመቀመጥ ይታገላሉ፤ ፊታቸው በርቷል።

«አልመጣም እማዬ። ቴሌቪዥን ነው። ድራማ ላይ እየተናገረ ነው።»

«ታዲያ ምን አስቆመሽ? ውሰጂኛ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትየዋ ወንበራቸው ላይ ሆነው ከእሷ ጎን አዩ፤ አዩ ማለት ሰሙ። ምስሉን የምትነግራቸው እሷ ናት።

«አሁን የት ደረሱ?»

«ድልድይ ላይ ናቸው።»

«አዝሏታል?»

«አዝሏታል።»

«አይደክመውም?»

«አይደክመውም እማዬ፤ ድራማ ነው።» ቃሉ ጥርሷ መሃል ተፈጨ።

አንዱ የድራማው ክፍል አልቆ ሌላው በጀመረ ቁጥር ንዴቷ ይብስ ጀመር። ጢማሙ ሰው እናቱን አዝሎ ተራራ ይወጣል፤ ወንዝ ያቋርጣል፤ ከሽፍቶች ጋር ሲታኮስ እንኳ አያወርዳትም። አሮጊቷም ጉድ ናት! በዚያ ሁሉ አቧራ ውስጥ ነጭ ፀጉሯ እንደተበጠረ ነው። አትራብም፣ ጀርባዋ አይቆስልም፣ አንድ ቀን እንኳ «ሽንቴ መጣ» አትልም። መካሪ ቃል ትናገርና ትተኛለች። እሷም እየጻፈች ወረቀቱን በእስክሪብቶ ትበሳዋለች። እንደገመተችውም አሮጊቷ ባሕሩ ዳር ሞተች፤ ማሙሽም እዚያ አምርሮ አለቀሰ። ለቅሶው፣ መቼም ሥራውን ያውቃል፣ ድንጋይ ያስለቅሳል። እናቷ ግን ደረቅ ዐይናቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ።

የመጨረሻው ዲስክ ድራማው እንዴት እንደተሠራ የሚያሳይ ነበር። እዚያ ላይ ማሙሽ ራሱ ወጣ። አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ፣ ትልቅ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ፣ ወደ ካሜራው ዞር አለ።

«ይህን ድምፅ ከጉሮሮዬ አይደለም ያወጣሁት» አለ። «ከልቤ ነው። እያንዳንዷን ቃል ስናገር እናቴን አስብ ነበር። እናቴ ማለት ለኔ ዓለሜ ናት።» ከዚያ የዐይኑን ጥግ በሻርፑ ጫፍ ነካ ነካ አደረገ።

እሬት ጫማዋን አውልቃ ወረወረች። ቴሌቪዥኑን ስቶ ግድግዳውን መታና ወደቀ።

«ምንድነው?» አሉ እናቷ።

«ጫማ ነው።»

«ክፍሌ መልሺኝ» አሉ።

የዚያን ቀን የጻፈችውን ግምገማ አዘጋጁ ቆሞ አነበበው። አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ስለ ድራማው ሦስት መስመር፣ ስለ አንድ ሰው ድምፅ ግን ሙሉ ገጽ? ‹አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ› ይባላል እንዴ በጋዜጣ? ምን አድርጎሽ ነው ይሄ ሰውዬ?»

«ወንድሜ ነው።»

አዘጋጁ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እንግዲያው ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

«አትሰጥም! ለቀናት ከእናቴ ጋር ያየሁት እኔ ነኝ። እንደገና እጽፈዋለሁ።»

«ዝምድናሽን ተናግረሽ፣ ስለ ድራማው ብቻ ትጽፊያለሽ። የቤታችሁን ጉድ አይደለም።»

«እሺ። ስለ ድራማው ብቻ።»

ጻፈችው። ምስሉን አመሰገነች፤ ትርጉሙን አመሰገነች፤ የዋናው ሰው ድምፅ የገዛ ወንድሟ መሆኑን ገልጻ፣ «ድምፁ ያምራል፤ ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም» አለች። ከዚያ እንዲህ ብላ ቀጠለች፦ «ይህ ድራማ ዓለም ስትጠፋ ምን እንደሚተርፍ ሊነግረን ይፈልጋል። መልሱም የልጅ ፍቅር ነው። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ጉዞ አሮጊቷን አንድም ጊዜ የሚያጥብ፣ ልብሷን የሚቀይር፣ ገላዋን የሚያገላብጥ ሰው አላየንም። ዓለም ከጠፋች በኋላ እናቱን የሚያዝል ወንድ ሞልቷል። ዓለም ሳትጠፋ፣ መንገዱ ደህና፣ አውቶቡሱም እየሠራ፣ ደጃፏን የሚረግጥ ነው የጠፋው።»

አዘጋጁ የመጨረሻውን መስመር ሁለቴ አነበበና፣ «ይሄ ስለ ድራማው ነው?» አላት።

«ስለ ድራማው ነው።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ግን አወጣው።

ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ስልኳ ጮኸ።

«እትዬ፣ ምን በደልኩሽ?» ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ የዚህኛው መንቀጥቀጥ ማይክሮፎን ፊት እንደሚያወጣው አያምርም። «ስቱዲዮው በሙሉ አንብቦታል! አዋረድሽኝ!»

«ስምህን ጠራሁ?»

«ወንድሜ አልሽ እኮ! አንቺ ስንት ወንድም አለሽ?»

«እኔም ይሄን ነው የምጠይቀው» አለችው። «ስንት ወንድም ነው ያለኝ? አንድ አለኝ ብዬ ነበር፤ ቤቴ ስፈልገው የለም፣ ቴሌቪዥን ስከፍት ግን አለ።»

«ሥራ ነው! እንጂ እናቴን…»

«‹ዓለሜ ናት› እንዳትለኝ! እንዳትላት! ሰው ጎረቤቱን ይጠይቃል እንኳን እናቱን! መናገር ከፈለግህ እዚህ መጥተህ ተናገር።»

«እመጣለሁ! አሁኑኑ እመጣለሁ!» ብሎ ዘጋ።

እውነትም መጣ። ተናዶ፣ ጋዜጣውን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ፣ ሊጣላ መጣ። በሩን እንደከፈተችለት ሳሎኑ መሃል ቆሞ ያን ድምፁን ለቀቀው። እሷም አላነሰችም። «ዐይንህን ለማየት በጋዜጣ መጻፍ ነበረብኝ!» ትላለች፤ «አንቺ ድሮም አፍሽ እሬት ነው!» ይላል፤ ወንበሩ ተገፋ፣ የሻይ ብርጭቆው ተደፋ። በዚህ መሃል ከክፍሉ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ማሙሽ።»

ወንድምየው ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቀስ ብሎ ገባ። እህቱ በሩ ላይ ቆመች። እናትየዋ እጃቸውን ዘርግተው ፊቱን ዳሰሱት፤ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ሻርፑን። አጎንብሶ ሊስማቸው ሲል ትከሻውን ይዘው አቆሙት።

«በቴሌቪዥን አዝለኸኝ ባሕር ድረስ ወስደኸኛል» አሉት። «ደህና ነው፤ ሰምቻለሁ። አሁን እስቲ ሽንት ቤት አድርሰኝ።»

ማሙሽ ወደ እህቱ ዞረ።

«እኔን ምን ታየኛለህ?» አለችው። «በሩ ጠባብ ነው። በብብቷ ሥር ግባ፣ ወደ ኋላ ተራመድ፣ ግራ እግሯ እንዳይታጠፍ።»

ተሳሳተ። መጀመሪያ በጀርባቸው ሊያዝላቸው ሞከረ፤ እሳቸው «ድራማ አይደለም» ብለው ተቆጡት። ከዚያ እንደተነገረው አደረገ። ደጃፉ ላይ ክርናቸውን አጋጨና ሁለቱም ሴቶች አንድ ላይ ጮኹበት። ውስጥ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ሸሚዙ ረጥቧል፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«እንዴት ቀለለች» አለ በሹክሹክታ፣ አልጋው ላይ ካስተኛቸው በኋላ። «ምንም አልቀራትም እኮ።»

«ለአንድ ጊዜ ስለሆነ ነው የቀለለችህ» አለችው እህቱ። ሊያለቅስ እንደሆነ አይታለች፤ ግን የእሱን እንባ በዲስክ ስታየው ስለከረመች አላዘነችለትም። መጥረጊያና ባልዲ እጁ ላይ አስቀመጠችና ወደ መታጠቢያ ቤቱ በአገጯ አመለከተችው።

ከዚያ ወዲህ ይመጣል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ሰው በአንድ ቀን አይለወጥም። አንድ እሁድ መጥቶ፣ በሚቀጥለው «መኪናዬ ተበላሸ» ይላል። የተለወጠችው እሷ ናት። ዱሮ አይዞህ ብላ ስልኩን ታስቀምጥ የነበረችው፣ አሁን አትዘጋም። በሩን ሲቆልፍና ደረጃውን ሲወርድ እስክትሰማ ድረስ ጆሮው ላይ ትጮሃለች።

ባለፈው እሁድም እንዲሁ ስትጮህ እናቷ ከክፍላቸው ጠየቁ።

«ማን ላይ ነው የምትጮኺው?»

«ልጅሽ ላይ!»

«እሱማ አይሰማም፤ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው» አሉ።