ባዶውን የሚዘለው ተሳቢ

«አነዳድሽ እኮ አህያ ያስመኛል!» አሉኝ አያቴ ፊት ለፊት። ጥፋቱ ግን የራሳቸው ነበር፤ ለሞተር ሳይክላችን በሠሩት ተሳቢ ላይ መንገድ ዳር ወድቆ ከቀረ የጦር መኪና የፈቱትን፣ ለከባድ ጭነት የተሠራ ባሌስትራ ገጠሙበት። ሲጫን እንደ አልጋ ይመቻል፣ ባዶውን ግን እንደ ፍየል ይዘላል።

«አባባ፣ ይቀይሩት» ብላቸው «እኔ እያለሁ መቼ ባዶውን ይሄዳል?» አሉ። ከዚያ ወዲህ የጫንነውን ማሽላ ወልድያ አራግፈን ወደ መርሳ ስንመለስ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተሳቢው ላይ ይቀመጡልኝ ነበር። የኬላው ጠባቂ «ጭነትሽ ምንድን ነው?» ሲለኝ መልሱ የእሳቸው ነው፤ «እኔ ነኛ!»

አርባቸው በወጣ ማግስት ለብቻዬ ሄጄ አራገፍኩ። ስመለስ ተሳቢው እስከ ኬላው ድረስ ከኋላዬ ዘለለ። ጠባቂው ጎንበስ ብሎ አየና «ጭነትሽስ?» አለኝ።

«ዛሬ የለኝም» አልኩት።

ገመዱን አወረደልኝ፤ ሄድኩ።