ሐምራዊው እጄ

ሳምቡሳ ስጠብስ የፈላ ዘይት ያቃጠለው እጄ መግል ስለያዘ ጭሮ ከተማ ክሊኒክ ሄድኩ። የክሊኒኩ ድሬሰር ቁስሉን አጥቦ ሐምራዊ መድኃኒት እስከ ጣቶቼ ጫፍ ቀባኝና «ሳትሸፍኚው ይድረቅ፤ በሳምንቱ ተመለሽ» አለኝ።

ወደ ገለምሶ ስመለስ፣ መኪናው ውስጥ አንዲት እናት እጄን አይተው፣ «ማሻ አላህ! ሂና ተቀብታለች፤ ሙሽራ ናት!» አሉ።

አፍሬ አንገቴን ደፋሁ።

«አያችሁ? የጨዋ ሙሽራ እንዲህ ናት። ማን ቀባሽ ልጄ?»

«ድሬሰሩ» አልኩ በቀስታ።

«ባሏ ድሬሰር ነው!» ብለው እልል ሲሉ መኪናው ሁሉ ተከተላቸው። ወሬው ቁጡው አጎቴ ጋ እንዳይደርስ ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን እልልታው ፋታ አልሰጠኝም።

በሳምንቱ ቁስሉ ደርቆልኝ በደስታ ተመለስኩ። ድሬሰሩ እጄን ሳይነካ በሩን በሩን እያየ፣ «እህቴ፣ አጎትሽ ትናንት ዱላ ይዘው መጥተው ‹ሽማግሌ ሳትልክ እንዴት ታገባታለህ?› አሉኝ» አለ።