ያላስተማርኩባቸው አራት ዓመታት

በመምህርነት ተመድቤ ደብረ ታቦር የደረስኩ ዕለት፣ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ደሴ የምደባ ደብዳቤዬን አንብበው ኮምፒውተር እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። እችላለሁ አልኩ። ሰው እስኪቀጠር ድረስ እዚሁ ቆይ አሉኝ። ሰው ሳይቀጠር አሥራ ስድስት ዓመት አለፈ።

ደመወዜ የሚወጣው ግን ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በመምህር መደብ ነበር። ትምህርት ቤቱን ያየሁት አንድ ጊዜ፣ ችግኝ ልንተክል ስንወጣ ነው። ቢሮ ውስጥ ሁሉም «መምህር» ይለኛል፤ እኔም አቤት እላለሁ።

ሥራዬ የመምህራንን ማኅደር መያዝና ማስረጃ መጻፍ ነበር። በጣም የሚፈለገው የወጪ መጋራት ማስረጃ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ወጪውን ካልከፈለ ዋናው ዲግሪና ትራንስክሪፕቱ አይሰጠውም። መምህር ከሆነ ግን የተማረውን ያህል ዓመት ሲያስተምር ዕዳው ይሰረዝለታል። ማስተማሩን የምንመሰክረው እኛ ነን።

አራት ዓመት ሲሞላኝ የራሴን ማስረጃ ራሴ ተየብኩት። «በመምህርነት አራት ዓመት ያገለገሉ መሆናቸውን እንገልጻለን» ይላል። ስለ ራሴ በአንቱታ ስጽፍ ትንሽ ሳቅ መጣብኝ። አቶ ደሴ ፈረሙ፣ ማኅተም አረፈበት፣ ዕዳዬ ተሰረዘ።

መምህርት እናኑ የመጣችው ከዚያ በኋላ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። የምታስተምረው መኪና ከሚቆምበት ሦስት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ገጠር ነበር። ለሁለተኛ ዲግሪ የመግቢያ ፈተና አልፋለች። ትራንስክሪፕቷን እስከ ዓርብ ካላስገባች ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ከዚያ ገጠር የመውጫዋ መንገድ ይኸው ብቻ እንደሆነ፣ ዕዳውንም የምትከፍልበት እንደሌላት ሳትደብቅ ነገረችኝ።

ማኅደሯን ከፈትኩ። ሁለት ዓመት መምህር፣ ሁለት ዓመት ተወካይ ርዕሰ መምህር ይላል። ርዕሰ መምህሩ ሲለቅ ቦታውን የሚፈልግ ስለጠፋ በእሷ ላይ ጣሉት። ሌላ የሒሳብ መምህር ስላልነበረ ማስተማሩንም አልተወችም። ይጠየቅ ይሆናል ብላ የሁለቱን ዓመት የተማሪዎች ውጤት ሮስተር፣ በእጇ የሞላችውን፣ በፌስታል ይዛ መጥታለች።

አራት ዓመት ማስተማሯን የሚገልጸውን ደብዳቤ ተይቤ ከሮስተሩ ጋር ወደ አቶ ደሴ ገባሁ። መመሪያው «በማስተማር ላይ ያለ» ነው የሚለው አሉ፤ ርዕሰ መምህርነት አስተዳደር ነው፣ ስለዚህ ሁለት ዓመት ይጎድላታል። ስታስተምር ነበር እኮ፣ ሮስተሩ ይኸው አልኳቸው። ፌስታሉን አልነኩትም።

«ማን ክፍል ገባ፣ ማን አልገባ እያልን መቁጠር ከጀመርን» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ካንተ ነው የምንጀምረው።»

ያልተፈረመውን ደብዳቤ ይዤ ወጣሁ።

ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር። መመሪያው እንደማይፈቅድ፣ እኔም በጣም እንዳዘንኩ ነገርኳት። አላለቀሰችም፣ አልተጣላችኝም። ሮስተሮቹን አንድ በአንድ እያስተካከለች ወደ ፌስታሉ መለሰች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቱስ መምህር፣ ስንት ዓመት አስተማሩ?»

«አራት» አልኩ። ማኅደሬ የሚለው እንደዚያ ነው።

«እንግዲያው ድካሙን ያውቁታል» አለችኝ።

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ግን ቢሮዬ ገባሁና በሬን ዘጋሁ።

ዓርብ ቦታዋ ለተጠባባቂ ተሰጠ። እናኑ ርዕሰ መምህርነቱን አስረክባ ሁለት ዓመት ደግሞ አስተማረች፤ ማስረጃዋንም እኔው ተየብኩላት። ልትወስደው ስትመጣ እንደገና ታመለክት እንደሆነ ጠየቅኳት። ትቼዋለሁ አለችኝ።

ማስረጃ ለምትጽፉ የሥራ ባልደረቦቼ የምለው አጭር ነው። ማኅደር የሚናገረው ሰው የተቀመጠበትን መደብ እንጂ የሠራውን አይደለም። እኔ ይህን ከማንም በላይ አውቅ ነበር፤ ያን ቀን አልተናገርኩም።