አምስት ፊደል በዕዝል

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሶስና ጎንደር ፒያሳ ወስዳ ስፕሪስ ጋበዘችኝ። ጋበዘችኝ እላለሁ እንጂ የከፈልኩት እኔ ነኝ። እሷማ ብርጭቆዋን ሳትነካ ዓይኗን ስልኳ ላይ ተክላለች። የእንግሊዝኛ ቃላት ጨዋታ ነው አሉ። ስልኩ የመነሻ ፊደላትንና የፊደሉን ብዛት ይሰጣል፤ ተጫዋቹ ቃላቱን ይሞላል።

«እማማ፣ አንቺ የእንግሊዝኛ አስተማሪ አልነበርሽም እንዴ? በኤስ፣ ቲ፣ ኦ የሚጀምር፣ ባለ አምስት ፊደል!» አለችኝ።

ሳላስብ አፌ ቀደመኝ። «ስቶን፣ ስቶርም፣ ስቶሪ፣ ስቶክ፣ ስቶቭ፣ ስቶር።» አልኩ አይባልም፤ አዜምኩ። አጠገባችን የተቀመጡት ወጣቶች ዘወር ብለው አዩኝ። ሶስና በሳቅ ፈነዳች።

«ማነው እንዲህ አድርጎ ያስተማረሽ?»

ይችን ጥያቄ አውቃታለሁ። ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ ከዚሁ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት ተጠይቄያታለሁ። ያን ጊዜ የሰጠሁት መልስ ዛሬም ፊቴን ያቀላዋል።

ያደግሁት አምባ ጊዮርጊስ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ዜማ ያስተምሩ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ በሌላው ትምህርት ደህና ነበርኩ፤ የእንግሊዝኛ ቃል ግን በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ይወጣል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደብተሬን ወርውሬ ሳለቅስ አባቴ ደረሱ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?»

«ቃሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው አባባ! መነሻው አንድ፣ ርዝመቱ አንድ። ተምታታብኝ።»

ደብተሩን አንሥተው አገላበጡት። የእንግሊዝን ፊደል አያነቡም፤ መቁጠር ግን አያቅታቸውም። «ይሄማ ሸጋ ነገር ነው» አሉ። «የኛ ቅኔ ቤት የሚመታው መጨረሻው ላይ ነው። ይሄ ደግሞ መነሻው ላይ ይመታል። ጠባዩን ካወቅሽለት ምን ያስለቅስሻል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ያዙ። እኔ ቃሉን ከነትርጉሙ አነብላቸዋለሁ። እሳቸው ከሲሚንቶ ከረጢት በቀደዱት ወረቀት ላይ በኛው ፊደል ይጽፋሉ፤ መነሻ መነሻውን በቀይ ቀለም። ከዚያ ዜማ ያወጡለታል። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሦስት ዓይነት ነው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ። ባለ አራት ፊደሎቹን በግዕዝ፣ ባለ አምስቶቹን በዕዝል አስያዙኝ። ባለ ስድስቶቹ ለሌላ ጊዜ፣ ለአራራይ ተቀመጡ። ገብስ ስለቅም አዜማለሁ፤ ውሃ ስቀዳ አዜማለሁ። የአባቴ ደቀ መዛሙርት ሳይቀሩ ስቶርምን ከነትርጉሙ ይዘውት ነበር።

በዚያው ዓመት ጎንደር ላይ የእንግሊዝኛ ቃላት ውድድር ተዘጋጀና ትምህርት ቤታችን እኔን መረጠ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። አባቴ ለጥምቀት ብቻ የሚያወጡትን ካባ ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ለእኔ ስንቅ ቆሎ ቋጥረው በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈርን። የወገራ ነፋስ በተሰበረው መስኮት ይገባል። ወለቃ ስንደርስ መንገድ ዳር የተደረደሩትን ሸክላዎች እያሳዩኝ «አየሽ፣ እነዚህም በየመጠናቸው ነው የተቀመጡት» አሉኝ። ጎንደር ስንወርድ ካባው አቧራ ጠጥቶ ግራጫ ሆኗል።

አዳራሹ ውስጥ የከተማ ልጆች ልብሳቸው ተተኩሶ፣ አባቶቻቸው ከረባት አስረው ተቀምጠዋል። የአባቴን ካባ አየሁ። የጎማ ጫማቸውን አየሁ። «አባባ፣ እርስዎ ከኋላ ይቀመጡ» አልኳቸው። በሩ አጠገብ ሄደው ተቀመጡ።

ተራዬ ደረሰ። መድረኩን የሚመራው መምህር መነሻ ፊደላቱን ጠርቶ «ባለ አምስት!» አለ። ዓይኔን ጨፍኜ በዕዝል ጀመርኩ። ሳቅ ሰማሁ፤ ቃላቱ ግን እየተከታተሉ ይመጣሉ። ሰዓቱ ሲያልቅ እኔ ገና አልጨረስኩም ነበር። አንደኛ ወጣሁ።

መምህሩ መዝገበ ቃላት ሸለመኝና «ጎበዝ! ግን የምታንጎራጉሪው ምንድን ነው? ማነው እንዲህ አድርጎ ያስተማረሽ?» አለኝ።

ወደ ኋላ አየሁ። አባቴ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ ከወንበራቸው ከፍ ብለዋል፤ የሚጠሩ መስሏቸዋል። ሁለት የከተማ ልጃገረዶች እሳቸውን እያዩ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ።

«አዲስ አበባ የሚማር አጎቴ ነው» አልኩ። እንዲህ ያለ አጎት የለኝም።

«እኒያ ሰውዬስ? አባትሽ ናቸው?»

«አይደሉም። የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ ይዘውኝ መጥተው ነው።»

አዳራሹ ጸጥ ብሎ ስለነበር ድምፄ በሩ ድረስ ተሰማ። መምህሩ ወርዶ አባቴን ጨበጣቸው። «ልጅቱን ስላመጡልን እናመሰግናለን፣ አባቴ።»

አባቴ እጅ ነሡ። «ኧረ ምን አደረግሁ» አሉ። «ሸጋ ልጅ ናት። አባቷ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።»

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ መዝገበ ቃላቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ ሰዓቱ ካለፈ ቆይቷል። ቆሎውን ስዘረጋላቸው ከእጄ ዘግነው በሉ። ቢቆጡኝ፣ በጥፊ ቢሉኝ በተሻለኝ። አምባ ጊዮርጊስ ልንደርስ ስንል ነው የተናገሩት።

«ባለ ስድስቶቹን ነገ እንጀምር?»

ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም። «አይ አባባ፣ አሁን መጽሐፍ አለኝ። ከእንግዲህ ራሴ አጠናለሁ» አልኩ፤ ያውም በኩራት ድምፅ።

«ይሁን» አሉ።

ስለዚያ ቀን ዳግመኛ አላነሡም፤ እኔም ይቅርታ ሳልላቸው ሞቱ። ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር ቃላትን በመነሻና በርዝመት መመደብን ለተማሪዎቼ ሁሉ አስተምሬያለሁ። ከየት አመጣሽው ሲሉኝ ፈገግ ብዬ ዝም እላለሁ። ያም ያው ክህደት ነው።

ሶስና አሁንም እያየችኝ ነው።

«አባቴ ናቸው ያስተማሩኝ» አልኳት።

«እንግሊዝኛ ያውቁ ነበር?»

«አንድ ፊደል አያውቁም።»

ቀልድ መሰላትና ሳቀች። ወዲያው ጨዋታው ወደሚቀጥለው ደረጃ አለፈ። «እሺ፣ አሁን ደግሞ ባለ ስድስት ፊደል!»

አፌን ከፈትኩ። ቃላቱን አላጣኋቸውም፤ ዜማው ግን የለም።

«እሱን አልተማርኩም» አልኳት።