አንድ ሀብሐብ ለአራት

ሂሳብ አይለወጥም የሚል ሰው ሂሳብ አስተምሮ አያውቅም። እኔ ተማሪ ሳለሁ ማባዣን በዜማ እናንበለብል ነበር፤ የሳተ አርጩሜ ይቀምሳል። ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ፕላዝማ መጣ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር ጥያቄ ይሰጠንና ገና እስክሪብቶ ሳናነሣ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያደንቀናል። በሕይወቴ እንደዚያ ዓመት ተመስግኜ አላውቅም፤ የገባኝ ነገር ግን አልነበረም። እኔው መምህርት ስሆን ደግሞ አንድ ለአምስት ተባለ፤ አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ።

አሁን ፋሽኑ «ከአካባቢ በሚገኝ ቁሳቁስ» ማስተማር ነው። ክፍልፋይን በጠመኔ ብቻ ማስረዳት ነውር ሆኗል።

ፋሽኑ በመጣ ሰሞን ሸዋ ሮቢት አምስተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ባሌና ትንሿ ልጄ አጣዬ ናቸው። ልጄ በሳምንት አንዴ ስለምታየኝ «እትዬ» ማለት ጀምራለች። ወደ አጣዬ ለመዛወር የቀረኝ የሱፐርቫይዘሩ ምዘና ብቻ ስለሆነ፣ ሊገመግሙኝ በመጡ ዕለት ከገበያው ትልቁን ሀብሐብ ገዝቼ በባጃጅ ይዤ ገባሁ።

አራት ቦታ ቆረጥኩት። ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሙቀቱ ጀምሮናል። ፊት ወንበር ያለችውን ልጅ፣ «አንቺ አንዱን ሩብ ብትበዪ ስንት ይቀራል?» አልኳት።

«አልበላም ቲቸር። ሁዳዴ ነው።»

ወደ ጎረቤቷ ዞርኩ። «እሺ፣ አንተስ ብትበላ?»

«ወላሂ አልበላም! ረመዳን ነው።»

«እንበል አልኩ እንጂ መች እንብላ ወጣኝ? ስንት ይቀራል?»

«ሙሉው!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

ትክክል ነው። እኔም ጾመኛ ሆኜ ሩቡን እንጂ የሚበላውን አፍ አላሰብኩም። ዝውውሬ ሲያመልጠኝ ታየኝ።

ሱፐርቫይዘሩ አዘኑልኝ መሰል ሊያግዙኝ ተነሡ። ሸበቶ፣ ባለ ማተብ ሰው ናቸው። «ልጆች፣ አንድ ሰው ሩቡን አነሣ» አሉና አንዱን ቁራጭ አነሡ። «ከዚያ...» ሙቀቱ ይሁን ልማድ እንጃ፣ ገመጡት።

ወዲያው ጣራው እስኪነሣ «ጋሼ ገደፉ!» ተባለ።

ሰውየው ጉንጫቸው እንደሞላ ቆሙ፤ መዋጥም መትፋትም አቃታቸው። የፊት ወንበሯ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አሁን ሦስት አራተኛ ቀረ።»

«አልቀረም!» አለ ጎረቤቷ። «መች ጨረሱት? ከሩቡ ግማሹ እጃቸው ላይ ነው!»

«ስለዚህ የቀረው ሰባት ስምንተኛ ነው!» ብሎ ሌላው ከኋላ ጮኸ። ስለ ክፍልፋይ እንዲህ የተሟገተ ክፍል ከዚያ በፊት አላየሁም። እኔ ሳቄ ሊያፈነዳኝ ስለሆነ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ።

ሲደወል ቅጹን እፊቴ ሞሉት። የተማሪዎች ተሳትፎ፣ ከፍተኛ። የቁሳቁስ አጠቃቀም፣ ከፍተኛ። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ እስክሪብቷቸው ቆመ። «በክፍለ ጊዜው የታየ ግድፈት» ይላል።

እሳቸው እኔን አዩ፣ እኔም እሳቸውን።

«የታየ ነው አይደል የሚለው?» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ ጋሼ።»

«አንቺ ያየሽው ነገር አለ?»

«እኔ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ነበር።»

«የለም» ብለው ጻፉና ፈረሙ። አጣዬ የገባሁት በዚያች ፊርማ ነው።