ሽቦ በሰው ማሳ

አንቴና ቁመቱ ነው ይላሉ፤ ከፍ ካለ ሩቅ ይሰማል። ሐሰት ነው። ቀጥ ብሎ የሚቆም አንቴና የሚሠራው በእግሩ ሥር በሚዘረጋው ሽቦ ነው፤ ሽቦ ደግሞ መሬት ይፈልጋል፤ ደባርቅ ላይ መሬት ማለት ጎረቤት ማለት ነው።

በንጉሡ ዘመን እዚያ አስተማሪ ሳለሁ፣ በትርፍ ጊዜዬ ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር በሬዲዮ እነጋገር ነበር። አንቴናዬ በሦስት ሞገድ እንዲሠራ ምሰሶ የሆነውን ቱቦ ሳስረዝም ሳሳጥር ሰነበትኩ። በሁለቱ ተስተካከለ። በሦስተኛው ግን የመለኪያው መርፌ አልወርድ አለ፤ ኃይሉ ወደ አየር ሳይወጣ ወደ ሬዲዮው ይመለሳል ማለት ነው። አንድ ሽቦ በአጥሩ ሥር አሳልፌ በጎረቤቴ ጦም ያደረ ማሳ ላይ ብዘረጋው መርፌው ወረደ።

በማግስቱ ጎረቤቴ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ።

«መምህር፣ ወሰን በሽቦ መግፋት የት ተማርህ?»

«ወሰን አይደለም አባቴ። ድምፄን ሩቅ እንዲያደርስልኝ ነው።»

«አንተ ከፈረንጅ ጋር እንድታወራ እኔ ከርስቴ ልነቀል?»

አንደኛው ሽማግሌ አስታራቂ ሐሳብ አመጡ፦ «ወደ ሊማሊሞ በኩል ዘርጋው። ገደል ነው፤ ባለቤት የለውም።»

ሁሉም ሳቁ፤ ጎረቤቴ ግን አልሳቀም። ሽቦውን ነቅሎ ወሰደና የበረቱን በር አሰረበት። መርፌው ተመልሶ ወጣ፤ ሦስተኛው ሞገድም አገሩን እስክለቅ ድረስ ዲዳ ሆኖ ቀረ።

አንባቢ ሆይ፣ የአንቴናዬን ቁመት አታድንቅልኝ። ከአጥሬ ማዶ መሬት ካለህ ሽቦ የማሳልፍበት ስጠኝ፤ ካልሰጠኸኝ ዝም በል።